ደህናው እግር

ይህ የሆነ ነገር ነው።

ከሰው ሰምቼ የማቀብላችሁ ወሬ አይደለም። የደረሰው ክንዴ በሚባለው ታናሽ ወንድሜ ላይ ነው። የነገረኝም ራሱ ነው... ዝም ከማለቱ በፊት በነበረችው ማታ።

ጊዜው የጥምቀት ሰሞን ነው። ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ጨለማ የለም፣ ጉም የለም። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች።

ቦታው ከወረታ ወጥቶ ወደ ጣና የሚወርደው የፎገራ ሜዳ ነው። ክረምት ውሃ ይተኛበታል። ሩዙ ታጭዶ ሲያልቅ ደግሞ ጥቁሩ የዋልካ አፈር ደርቆ ይሰነጠቃል፤ አንዳንዱ ስንጥቅ የሰው ክንድ እስከ ብብት ያስገባል።

ሰው የሚያስፈራ ነገር የሚጠብቀው ጫካ ውስጥ ነው፤ ወይ ዋሻ፣ ወይ ገደል። እኛ ዘንድ ይህ ሁሉ የለም። ለጥ ያለ ሜዳ ነው። መንገዱ ይታያል። የወረታ ባሕር ዛፍ ይታያል። መውጫው በየአቅጣጫው ክፍት ነው።

ወንድሜ የተያዘው እዚያ ነው።

* * *

ክንዴ ፈረስ ጋላቢ ነው። የሚጋልበው የአቶ የኋላሸትን ፈረስ ነበር። አቶ የኋላሸት ወረታ ላይ የሩዝ መፈተጊያ ያላቸው፣ ድምፃቸው ከወፍጮው በላይ የሚሰማ ሰው ናቸው።

ፈረሱ ገስግስ ይባላል። ዳማ ነው፤ ግንባሩ ላይ የጣት አሻራ የምታህል ነጭ አለችው። ከውርንጭላነቱ ጀምሮ ያሳደገው ክንዴ ነው። ባገራችን ጋላቢ በፈረሱ ስም ይጠራልና ሰዉ ወንድሜን «አባ ገስግስ» ነበር የሚለው። ስሙ ሲጠራ ሁለቱም እኩል ዞር ይሉ ነበር... እሱም፣ ፈረሱም።

ከጥምቀት ሰሞኑ የፈረስ ውድድር በፊት በነበረው ሳምንት፣ ክንዴ ጋጣ ውስጥ አንድ ነገር አየ።

ፈረስ ቆሞ ያንቀላፋል። ደህና ሲሆን አንዱን የኋላ እግሩን ነው የሚያሳርፈው። ገስግስ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ የፊት ግራ እግሩን አሳርፎ፣ የኮቴውን ጫፍ ብቻ መሬት አስነክቶ ያንቀላፋ ነበር።

የኋላ እግር ካረፈ ድካም ነው።

የፊት እግር ካረፈ ሕመም ነው።

ክንዴ ጎንበስ ብሎ ከጉልበቱ በታች ዳሰሰው። ያቃጥላል።

ያን ዕለት ለአቶ የኋላሸት ነገራቸው።

«ጋሼ፣ ያነክሳል። ዘንድሮ ይለፈው።»

«ማን ነው የሚያነክሰው?»

«ገስግስ።»

«እኔ ደግሞ አንተ መስለኸኝ፤ ድምፅህ ነው የሚያነክስ» አሉት።

አምና ፈረሳቸው ተቀድሞ ነበር። «ሩዝ የበላ ፈረስ ውሃ ሲያይ ይተኛል» እየተባለ ዓመቱን ሙሉ ገበያ ላይ ተቀልዶባቸዋል። ዘንድሮ ጭራሽ ሳይወጣ ቢቀር የሚባለውን ከአሁኑ ሰምተውታል።

«አንተ ካልጋለብከው በእውቀቱ ይጋልበዋል» አሉና ወደ ወፍጯቸው ተመለሱ።

በእውቀቱ የአለንጋው ጫፍ ላይ ሽቦ የሚያስር ጋላቢ ነው። የተቀመጠበትን ፈረስ ከጭኑ ጠባሳ ማወቅ ይቻላል።

ክንዴ እምቢ ቢል ገስግስ በሽቦ እየተገረፈ ሊሮጥ ነው። እሺ ቢል በታመመ እግሩ ሊሮጥ ነው። በየትም ዞረ በየት ፈረሱ አይተርፍም።

አንድ ተስፋ ብቻ ቀረው። ሜዳው ላይ ወግ አለ። ከሽምጡ በፊት ሽማግሌዎች ፈረሱን ሁሉ በሶምሶማ እያስኬዱ፣ ከኋላ ቁጭ ብለው አካሄዱን ያያሉ። የሚያነክስ ከተገኘ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ያኔ ጥፋቱ የማንም አይሆንም።

ይህን ተስፋ የወሰዱበት አያ ንብረት ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ፈረስ ሲገዙ ሲሸጡ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። አቶ የኋላሸት ልከዋቸው ጋጣው ድረስ መጡ።

«የታመመውን እግር ተወው» አሉት በሹክሹክታ። «ደህናውን አሳምመው።»

«ምን ማለት ነው፣ አያ?»

«በደህናው ኮቴ ስር ጠጠር ትወትፍለታለህ። አንድ እግሩን ያመመው ወደ አንድ ጎን ይጎትታል፤ ዓይን ያየዋል። ሁለቱንም ያመመው ግን በየትኛው ያነክሳል? ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ደህና ይመስላል።»

«ህመሙስ?»

«ህመሙማ አለ» አሉ አያ ንብረት። «አይታይም እንጂ።»

ጠጠሩን የመረጠው ክንዴ ራሱ ነው። ለስላሳ እንዲሆን ብሎ ነው። ጥቁር፣ ባቄላ የምታህል። ሌላ ሰው ሻካራውን እንዳይወትፍበት...

በውድድሩ ጠዋት የገስግስን የፊት ቀኝ እግር አነሳ። በኮቴው ስር ባለው ስርጉድ ውስጥ ጠጠሯን ተጭኖ አስገባት። ፈረሱ እግሩን አልነጠቀም። የያዘው ክንዴ ነዋ።

አንገቱን አዙሮ አየው ብቻ።

ረጅም ጊዜ አየው።

* * *

«አባ ገስግስ፣ ፈረስህ ዛሬ ምን በልቶ ነው የወጣው?» አለ ከተመልካቹ አንዱ።

«ያንተን ምሳ» አለው ክንዴ። ሰው ሳቀ። እሱ አልሳቀም።

ሽማግሌዎቹ ገስግስን በሶምሶማ አስኬዱት። ከኋላ አዩት። አንደኛው ራሱን ነቀነቀ።

«ምን ያለ አካሄድ ነው» አለ። «እንደ ሚዛን የቀና።»

ሽምጡ ተለቀቀ።

ገስግስ ከሁሉም ፊት ወጣ። ሰዉ ስሙን ይጠራል። ክንዴ በአንገቱ ላይ ተደፍቶ «ቀስ፣ ቀስ» ይለዋል፤ ፈረሱ ግን ስሙን ሰምቷልና አይቀዘቅዝም። ከሜዳው ጫፍ ሲደርሱ ክንዴ ከበታቹ አንድ ድምፅ ሰማ።

ደረቅ ጭራሮ ጉልበት ላይ ሲሰበር ያለው ድምፅ።

ሰማይና መሬት ተገለባበጡ።

ሲነሳ ገስግስ በጎኑ ተጋድሟል። የፊት ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ፣ እግር በማይታጠፍበት በኩል ታጥፏል። ክንዴን ግን አንድም ቦታ አልነካውም። የግራ ተረከዙን ትንሽ ጠቀስ ያደርገዋል እንጂ ሌላ ምንም።

አቶ የኋላሸት በሰው ተከበው መጡ። ቆመው አዩ።

«ኮርቻው ተርፏል?» አሉ።

ኮርቻው ተፈታ። ያሸበረቀው ልጓም ተፈታ። ፈረሱ አንገት ላይ አንዲት ገመድ ብቻ ቀረች።

«አንድ ሰው ይገላግለው» አለ ክንዴ። «እባካችሁ።»

ሁሉም መሬት መሬት አየ። እኛ ዘንድ ፈረስ አይታረድም፣ አይተኮስበትም። ነውር ነው። ደሙ በልጅ ልጅ ይወጣል ይባላል። የተሰበረ ፈረስ ተትቶ ይኬዳል፤ የቀረው የጅብ ነው። ጅብ ደግሞ እስኪሞት አይጠብቅም። ይህን የማያውቅ የፎገራ ሰው የለም፤ ግን ማንም አይናገረውም።

«ጅብ ያውቅበታል» አሉ አቶ የኋላሸት፣ ፊታቸውን እያዞሩ።

«እኔ እቆያለሁ» አለ ክንዴ።

አያ ንብረት የገመዱን ጫፍ አንስተው መዳፉ ላይ አስቀመጡለት።

«በል እንግዲያው ያዘው። የፈረስ ገመድ ከእጅ ወደ እጅ ነው። ሌላ እጅ ሳይቀበልህ እንዳትጥለው።»

ክንዴ ገመዱን የግራ እጁ አንጓ ላይ ጠምጥሞ ቋጠረው።

ሰዉ ሄደ። አቧራው ተቀመጠ። ሜዳው ላይ አንድ ሰውና አንድ ፈረስ ቀሩ።

ስልኩን አውጥቶ ፀደይ ጋ ደወለ። ፀደይ ወረታ ላይ የምትሠራ የእንስሳት ሐኪም ናት፤ ከአዲስ አበባ ተመድባ ከመጣች ገና ዓመቷ ነው። ያን ቀን አንበሳሜ ከተማ ለክትባት ሄዳ ነበር።

«ሳያመው የሚያስተኛ መርፌ አለኝ» አለችው። «በሞተር እመጣለሁ። ሳይመሽ እደርሳለሁ። ግን አትተወው፣ ክንዴ። ከተውከው ጅቡ ይቀድመኛል።»

«አልተወውም።»

«እርግጠኛ?»

«አምሳል ትሙት» አላት።

አምሳል እኔ ነኝ።

* * *

ክንዴ ከፈረሱ ራስ አጠገብ ተቀመጠ።

ገስግስ አይጮህም። አይንፈራገጥም። ዓይኑን ከፍቶ ያየዋል።

ትንሽ ቆይቶ አሞሮች መጡ። ራቅ ብለው በክብ አረፉ። ክንዴ ጓል አንስቶ ሊወረውር እጁን ሲያነሳ... አንድ ነገር አስተዋለ።

አሞሮቹ ፈረሱን አያዩም።

እሱን ነው የሚያዩት።

ወረወረ። ፈቀቅ አሉ። ተመልሰው አረፉ። አሁንም አንገታቸው ሁሉ ወደ እሱ ነው።

«እኔ ደህና ነኝ» አላቸው፤ ራሱንም አሳቀው። ለወፍ ማስረዳት።

ከዚያ የግራ ጫማው ውስጥ ጠጠር ቆረቆረው። ኮንጎ ጫማ ነው ያደረገው። አውልቆ አራገፈው። ምንም አልወጣም። ውስጡን በጣቱ ዳሰሰ። ምንም የለም። አጠለቀው።

ጠጠሯ አለች።

ባቄላ የምታህል። ለስላሳ።

ደግሞ አወለቀ። ደግሞ ምንም የለም። እግሩ ሥር እያመመው፣ የሚያመው ነገር ግን የለም...

ዝም ብሎ መተንፈስ ይሻላል ብሎ ረጅም ትንፋሽ ሳበ። የፈረሱ ጎን ከፍ አለ። ለቀቀ። የፈረሱ ጎን ዝቅ አለ።

ክንዴ ትንፋሹን ያዘ።

የፈረሱ ጎን ቆመ።

ያዘ... ያዘ... ደረቱ ሊፈነዳ ሲል ለቀቀው። ፈረሱም ለቀቀ። የአፍንጫው ሙቀት የክንዴን ጉልበት ነካው።

ያን ጊዜ ስልኩ ጮኸ።

«ደረስኩ» አለች ፀደይ። «መንገዱ ዳር ነኝ። ሞተሯ ይህን ስንጥቅ አታልፍም፤ በእግሬ እመጣለሁ።»

«እግዜር ይስጥሽ፣ ዶክተር።»

«ፈረሱ ይታየኛል። ግን... ቆሟል እኮ። ተሰበረ አላልከኝም?»

ክንዴ ፈረሱን አየ። በጎኑ ተጋድሟል። ጆሮው ላይ ዝንብ አለች።

«ተኝቷል፣ ዶክተር።»

«ኧረ ቆሟል። የፊት ግራ እግሩን አንጠልጥሎ። አንተ ግን የት ነህ?»

«አጠገቡ።»

 ንፋሱ በስልኩ ውስጥ ይሰማል።

«አጠገቡ ማንም የለም» አለች፤ ድምፅዋ ወረደ። «ክንዴ... አሞሮች ብቻ ናቸው።»

መስመሩ ተቋረጠ።

ወደ መንገዱ ዞሮ አየ። ሞተር የለም። የቆመች ሴት የለችም። መንገዱ ባዶውን እስከ ወረታ ተዘርግቷል።

ደጋግሞ ደወለ። ስልኩ እንደ ድንጋይ ዝም አለ።

* * *

ፀሐይዋ ወደ ጣና ማዘንበል ጀምራለች። ክንዴ ተነሳ።

መጀመሪያ ቋጠሮውን ሊፈታ ሞከረ። ራሱ የቋጠረው ነው፤ ቀላል ቋጠሮ። አልፈታ አለ። በጥርሱ ሞከረ። የፈረስ ላብ ቀመሰ። መጨረሻ ላይ ሰንጢውን አወጣና ገመዱን ከእጁ ጠጋ አድርጎ ቆረጠው። አንጓው ላይ ጥምጥሙ፣ ከሱም ስንዝር የማይሞላ ትራፊ ቀረ።

በፈረሱ በኩል ያለው ገመድ መሬት ወደቀ።

«ዶክተሯን ላመጣት ነው» አለው። «እመለሳለሁ።»

ገስግስ ዓይኑን አልነቀለም።

የወረታን ባሕር ዛፍ ዓይኑ ላይ ተክሎ መራመድ ጀመረ። ግራ እግሩ ሲያርፍ ጠጠሯ ትወጋዋለች፤ ቶሎ ያነሳዋል። ያነክሳል። ቢሆንም ይሄዳል። ሜዳው ለጥ ያለ ነው፤ ዛፉ ይታያል፤ ሰው በዚህ አይጠፋም።

ዛፉ ወደ ቀኙ ሸሸ።

አስተካክሎ ሄደ። ዛፉ ደግሞ ሸሸ። አስተካከለ። ሸሸ። ራሱን ዝቅ አድርጎ እግሩን እያየ ሄደ... ቀና ሲል ከፊቱ አሞሮቹ አሉ። በመሃላቸው ገስግስ ተጋድሟል።

ራሱን ወደ እሱ አዙሯል።

ክንዴ በሌላ በኩል ሞከረ። ወደ ሐይቁ። ሐይቁ በቀኙ ዞሮ አለፈ፣ መንገዱ ዞሮ አለፈ፣ ዛፉ ዞሮ አለፈ፣ አሞሮቹ መጡ።

ሮጠ። መሮጡ ይብሳል፤ ቶሎ ይመልሳል።

መሬቱን ሲያይ የራሱን ዱካ አየ። ዱካው ላይ ዱካ። ክብ። እንደ አውድማ በሬ ሲዞር ቆይቷል።

አጥር የለም። ግንብ የለም። ሜዳው በየአቅጣጫው ክፍት ነው። መውጣት ግን አልቻለም።

ቁጭ አለና አለቀሰ። ይህንንም ሳይደብቅ ነግሮኛል።

እያለቀሰ የአያ ንብረት ቃል መጣለት። አንድ እግሩን ያመመው ወደ አንድ ጎን ይጎትታል...

ሁለቱንም ያመመው ግን...

ቀና አለ። ገስግስ ያየዋል።

ክንዴ እየተሳበ ወደ ፈረሱ ደህና እግር ሄደ። ኮቴውን አነሳ። ጠጠሯ እዚያው ናት። ያን ሁሉ ሽምጥ ፈረሱ በእሷ ላይ ሮጧል፤ በዙሪያዋ ደም ረግቷል። እስከዚያ ሰዓት ሊያወጣለት አላሰበም ነበር። አጠገቡ ተቀምጦ፣ አዝኖለት፣ ግንባሩን ዳብሶት... ጠጠሯን አላሰባትም።

በሰንጢው ጫፍ አወጣት።

ፈረሱ ረጅም ትንፋሽ ለቀቀ። እፎይ ያለ ትንፋሽ። በዚያች ቅጽበት ክንዴ እዚያው ሊቀር ፈለገ። እቆያለሁ ብሏል። ምሏል።

ከሩቅ፣ ከሸንበቆው በኩል፣ የመጀመሪያው ጅብ ጮኸ።

ክንዴ ጠጠሯን ቀኝ ጫማው ውስጥ ጨመራት። አጠለቀ። ቆመ።

ሁለቱም አመሙት። እኩል።

ሄደ። ዛፉ አልሸሸም።

ወደ ኋላ አላየም። ጀርባው ላይ ምንም ድምፅ አልነበረም... ከእርምጃው በቀር። እርምጃው ግን በዝቶበታል። እሱ አንድ ሲረግጥ ሁለት ይሰማል። ሲቆም ሁሉም ይቆማል። ሲሄድ ሁሉም ይሄዳል።

ሁሉም እኩል። እንደ ሚዛን።

* * *

ጀምበር ጠልቃ አካባቢው ገና ሳይጨልም ቤት ደረሰ። በሩን የከፈትኩለት እኔ ነኝ።

«ምነው፣ አመመህ?»

«ደህና ነኝ፣ እታለም።»

አካሄዱን አየሁት። ቀጥ ያለ ነበር። እንዲያውም ከወትሮው የቀና።

ውሃ አሙቄ እግሩን ላጥበው ጎንበስ ስል እጄን ያዘኝ።

«ጫማዬን ተይው።»

«ለምን?»

«ካወለቅሁት አነክሳለሁ።»

ከዚያ ይህን ሁሉ ነገረኝ። ስለ መሐላውም ነገረኝ፤ ይህን ሲናገር ዓይኔን አላየኝም። አንጓው ላይ የቀረውን ገመድ ልቁረጥልህ ስለው እጁን ሸሸገ። ትራፊው ስንዝር አይሞላም። አይቼዋለሁ፤ ስንዝር አይሞላም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ፀደይ መጣች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ወንድምሽ ገብቷል?»

«ገብቷል። ምነው ሳትደርሺለት ቀረሽ?»

«ደርሻለሁ እንጂ» አለች። ወደ ጓዳው አየችና ድምፅዋን ቀነሰች። «መርፌውን ይዤ ሄድኩ። ፈረሱ ብቻውን ነበር። መዞር ጀመረ፣ አምሳል። በግራ እያነከሰ፣ ክብ ሠርቶ ይዞራል። እጠራዋለሁ፣ አይሰማም። በአጠገቤ ያልፋል፣ አያየኝም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ቆመ። አቀረቀረ... ከመሬት አንድ ነገር እንደሚያነሳ። ቀና አለና ቀጥ ብሎ ወደ ወረታ ሄደ።»

«እያነከሰ?»

«ያኔማ አላነከሰም።»

እኔም ወደ ጓዳው አየሁ።

«የቆመበት ሄጄ አየሁ» አለች። «ስንጥቁ ውስጥ ደም አለ። ፈረስ የለም፣ አጥንት የለም፣ የጅብ ዳና የለም። ወደ ወረታ የሄደውን ዱካ ተከተልኩት።»

«የኮቴ ዱካ?»

ራሷን ነቀነቀች።

«የኮንጎ ጫማ» አለች።

* * *

ከዚያ ቀን ወዲህ ክንዴ አልተናገረም። ሲያበሉት ይበላል። ተቀመጥ ሲሉት ይቀመጣል። አቶ የኋላሸት አንድ ጊዜ ሊጠይቁት መጥተው ነበር፤ ከደጃፍ ቆመው አዩትና ሳይገቡ ተመለሱ። ምን እንዳዩ አልነገሩኝም። እኔም አልጠየቅኳቸውም።

የነገርኳችሁ እስከ ትናንት ድረስ ያለውን ነው።

ትናንት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤት ውስጥ ሩዝ እለቅም ነበር። ከውጭ አቧራ የያዘ ንፋስ አለና በሩን ዘግቼዋለሁ። ቤቱ ደብዘዝ ብሏል፤ ብርሃን የሚገባው በበሩ ስር ብቻ ነው።

ክንዴ የተኛ መስሎኝ ነበር። ቀና ስል መደቡ ባዶ ነው።

ጥግ ላይ ቆሟል። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል። ዓይኑ ተከድኗል። እንቅልፍ ላይ ነው... ቆሞ።

ግራ እግሩን አሳርፎታል። የጫማው ጫፍ ብቻ መሬት ይነካል።

«ክንዴ» አልኩት በቀስታ።

አልሰማም።

ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ሌላውን ስሙን ጠራሁት።

«ገስግስ...»

ዞር አለ። ዓይኑን ሳይከፍት፣ አንገቱን ብቻ።

ከደጅም አንድ ነገር መሬቱን ረገጠ።

ያን ጊዜ ገመዱን አየሁት። ከአንጓው ተነስቶ ወለሉ ላይ ተዘርግቷል። በሩዝ ሰፌዴ አጠገብ አልፏል። በበሩ ስር፣ ብርሃኑን አቋርጦ፣ ወደ ውጭ ወጥቷል።

ስንዝር አይሞላም ነበር።

ከወለሉ ትንሽ ከፍ አለ። ተወጠረ።

አንዴ፣ በዝግታ፣ ከውጭ ተሳበ።

ክንዴም እግሩን አነሳ።